ብርሃኑ የት ላይ ነው?

በአብዛኞቹ የጸሎት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ሥዕል አይታይም። አንድ መስቀል ወይም የዓመቱ መሪ ቃል የተጻፈበት ጨርቅ ይሰቀል ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ለዚህም ምክንያት አለን። ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ ስለምናምን፣ በፊቱ የሚሰገድለት ነገር በመካከላችን እንዲቆም አንፈልግም። ይሁን እንጂ ከዚህ መልካም እምነት ጋር ሳናስተውለው የገባ ሌላ አመለካከት አለ። ሥነ ጥበብ ለአማኝ የማይረባ፣ ጊዜ የሚያባክን፣ ቢበዛ የሕፃናት መጫወቻ ነው የሚል ነው። ልጃችን የደብተሩን ጀርባ በሥዕል ሲሞላው “ይልቅ ትምህርትህን አጥና” እንለዋለን። ሥዕል የምትወድ ሚስትም ቢሆን “ሥራ ፈት” ተብላ እርሳሷን ታስቀምጣለች።

በዚህ ጽሑፍ ሥዕል ይሰቀል ወይስ አይሰቀል የሚለውን ክርክር ለማንሳት አልፈለግሁም። የምፈልገው ሥነ ጥበብ ምን እንደሆነና በምን እንደሚሠራ ጥቂት ብዬ፣ ማየትን መማር ለቤታችን የሚሰጠውን ጥቅም ለማሳየት ነው።

ጥበብ የሚለው ቃል

በዚህ ነገር የገዛ ቋንቋችን ይረዳናል። ሰሎሞን ከእግዚአብሔር የለመነውን ማስተዋል “ጥበብ” እንለዋለን። ሸማኔው በቀሚሳችንና በነጠላችን ጫፍ ላይ በባለ ቀለም ክር የሚያወጣውንም ጌጥ “ጥበብ” እንለዋለን። የልብ ማስተዋልና የእጅ ሥራ በአንድ ስም ይጠራሉ። መጽሐፍ ቅዱሳችንም እንዲሁ ያደርጋል። እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ሊያሠራ በወደደ ጊዜ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በመንፈሱ ሞልቶ፣ ለወርቅና ለብር፣ ለድንጋይና ለእንጨት ሥራ የሚሆን ጥበብ እንደ ሰጠው ሙሴ ጽፎልናል። ረዳቱም ኤልያብ ነበር (ዘጸ. 31፥1-6)። ስለዚህ መንፈስ ቅዱስ የሚሠራው በሰባኪው አንደበት ብቻ አይደለም። በእጅ ባለሙያውም ጣቶች ይሠራል።

የተቀረጸ ምስል ሠርተን እንዳንሰግድለት ያዘዘን እግዚአብሔር (ዘጸ. 20) ጥቂት ምዕራፎች ቆይቶ በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠሩ አዘዘ (ዘጸ. 25)። ሙሴ በምድረ በዳ የሠራው የናስ እባብ ለሕዝቡ መዳኛ ሆኖ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሕዝቡ ሲያጥኑለት ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ነገ. 18፥4)። ናሱ ያው ናስ ነበር፤ የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ነው። ከተሐድሶ አባቶቻችን አንዱ የሆነው ካልቪን ምስልን ለአምልኮ መጠቀምን አጥብቆ ቢቃወምም፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ጽፏል።

እንግዲህ ሥነ ጥበብ ማለት በቀላሉ ሲገለጽ፣ ሰው በዓይን የሚታየውንና በእጅ የሚዳሰሰውን ነገር በሥርዓት አዋቅሮ፣ በልቡ ያለውን ለሌላው እንዲታይ የሚያደርግበት ሥራ ነው።

ፊደሉና ሰዋስዉ

ጽሑፍ ከፊደል እንደሚሠራ ሥዕልም የራሱ ፊደላት አሉት። እነርሱም መስመር፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ የገጽ ልስላሴና ሻካራነት፣ እንዲሁም ባዶ ቦታ ናቸው። ፊደል ብቻውን ንግግር እንደማይሆን ሁሉ እነዚህም ሰዋስው ያስፈልጋቸዋል። ሚዛን፣ ንጽጽር፣ ምት፣ ትኩረት፣ መመጣጠንና አንድነት የሚባሉት መርሖዎች ሰዋስዉ ናቸው።

ይህ ከባድ ትምህርት ከመሰላችሁ ነጠላችሁን አንሡና ዘርጉት። ድርና ማጉ መስመር ነው። ጥበቡ ላይ ያሉት መስቀሎችና ባለ አራት ማዕዘኖች ቅርጽ ናቸው። ጨርቁ ለስላሳ ሲሆን ጥበቡ በጣት ሲነካ ይጎረብጣል። ሰፊው ነጭ ባዶ ቦታ ነው፤ ያ ነጭ ባይኖር ጥበቡ አይደምቅም ነበር፤ ይህ ንጽጽር ነው። አንዱ ቅርጽ እየተደጋገመ ሲሄድ ዓይናችን እንደ ከበሮ ምት ይከተለዋል። በካህኑ በአሮን ቀሚስ ጫፍም ሮማንና የወርቅ ሻኩራ እየተፈራረቁ ዙሪያውን እንዲሄዱ እግዚአብሔር አዝዞ ነበር (ዘጸ. 28፥33-34)። ሮማን፣ ሻኩራ፣ ሮማን፣ ሻኩራ። የሸማኔው ምት ከእግዚአብሔር ቃል ሩቅ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ለትዳር የሚጠቅመን አንዱ ትኩረት ነው። ሠዓሊ ሁሉንም ነገር እኩል ሊያደምቅ አይችልም። የትኛው በብርሃን፣ የትኛው በጥላ እንደሚሆን መምረጥ አለበት። ይህን በአንድ ሥዕል ላሳያችሁ።

የጠፋው ልጅ መመለስ

ሬምብራንት (እ.ኤ.አ. 1606-1669) በፕሮቴስታንቷ ሆላንድ የኖረ ሠዓሊ ነው። በወጣትነቱ ዝናና ሀብት ነበረው። በዚያ ዘመን እርሱና ሚስቱ ሳስኪያ በአንድ ሥዕል ላይ ይታያሉ፤ እርሱ የወይን ብርጭቆ ከፍ አድርጎ ይስቃል። ሊቃውንት ይህ ሥዕል የጠፋው ልጅ ገንዘቡን ሲያባክን የሚያሳይ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሐዘን ተከታተለበት። ከሳስኪያ ከወለዳቸው አራት ልጆች ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ሳስኪያም እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች። በ1656 በዕዳ ምክንያት ንብረቱን አጣ። ከሳስኪያ ልጆች የተረፈለት ቲቶም በ1668 ሞተ፤ እርሱ ራሱ በዓመቱ ተከተለው። ሕይወቱ ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። ነገር ግን በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት የሉቃስ 15ን አባት ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ በሄርሚቴጅ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ነው።

ልጁ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ በአባቱ ፊት ተንበርክኳል። ጠጉሩ ተላጭቷል፤ ልብሱ ተቀዳዷል። አንዱ ጫማ ከእግሩ ወልቆ የቆሰለ የሚመስለው ውስጥ እግሩ ይታያል። ሽማግሌው አባት ጎንበስ ብሎ ሁለት እጆቹን በልጁ ጀርባ ላይ አሳርፏል። እጆቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንዱ ሰፊና ጠንካራ፣ ሌላው ለስለስ ያለ እንደሆነ ያስተውላል። ብዙዎች የአባትንና የእናትን እጅ አንድ ላይ አይተውበታል። በስተቀኝ በኩል በትር የያዘ፣ እጆቹን ያጣመረ ሰው ቆሟል፤ ታላቅ ወንድሙ ነው ይባላል። በሉቃስ ታሪክ ውስጥ ታላቁ ልጅ በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ነበር። ሠዓሊው ግን እንድናየው ብሎ አምጥቶ አቆመው።

አሁን ፊደሎቹን እንቁጠር። የአባትየው መስመር ጎባጣ ነው፤ ትከሻውና ካባው እንደ ጣራ ሆነው ልጁን ይከልሉታል። የታላቁ ወንድም መስመር ቀጥ ያለ ነው። በአማርኛችን “ቀጥ ያለ” ማለት ጻድቅ ማለትም አይደል? እርሱም ያው ነበር፤ ትእዛዝ ያልተላለፈ ልጅ ነው፤ ነገር ግን አልጎነበሰም። ቀለሙን ተመልከቱ፤ አባትየው ቀይ ካባ ለብሷል፤ ታላቁም ልጅ ቀይ ካባ ለብሷል። አንተም ልጄ ነህ የሚለውን ሠዓሊው በቀለም ተናግሮታል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ጨለማ ቦታ አለ። ሚዛኑም የሚያስገርም ነው፤ በአንድ ወገን ሁለት ሰዎች ተቃቅፈዋል፤ በሌላ ወገን አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል፤ እኩል ባይሆኑም ሥዕሉ አይወድቅም።

ብርሃኑስ? በአባትየው ግንባርና እጆች ላይ፣ በልጁ ጀርባና በዚያ በተራቆተ እግሩ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ሠዓሊው የተቀደደውን ጫማ በጨለማ አልሸፈነውም። ነውሩ በሚታይበት በዚያው ብርሃን ውስጥ የአባትየው እጆችም ይታያሉ።

በአንድ የባለትዳሮች ትምህርት ላይ

ከባለቤቴ ጋር ባለትዳሮችን ስናገለግል የዚህን ሥዕል ትልቅ ቅጂ ግድግዳ ላይ ለጥፈን “ብርሃኑ የት ላይ ነው?” ብለን እንጠይቃለን። ከዚህ በታች የምጽፈውን ባልና ሚስቱ ፈቅደውልኛል።

በአንዱ ትምህርት ላይ ከኋላ የተቀመጡ አባት “ብርሃኑ የቆመውም ልጅ ፊት ላይ አለ” አሉ።

“አዎ አለ” አልኳቸው።

“ታዲያ ለምን አይጠጋም?”

የመለሰላቸው አልነበረም። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። የበኩር ልጃቸው በጫትና በመጠጥ ተይዞ፣ የእናቱን ወርቅ ሸጦ ከቤት ጠፍቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከስቶና ጠቁሮ ሲመለስ እናቱ ተቀበሉት። አባቱ ግን ለሰባት ወር ቃል አልተነፈሱለትም። ለሚስታቸውም “ወይ እኔ ወይ እሱ” ብለዋቸው ነበር። ሃያ አራት ዓመት የቆየ ትዳር ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር።

በሳምንቱ ቤታችን መጡ። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለው ቆይተው “እህቴ፣ እኔ እስከ ዛሬ እንደ አባት የምናገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ የቆምኩት ወንድሙ በቆመበት ቦታ ነው” አሉ።

ሥዕል አስታረቃቸው አልልም፤ ያስታረቃቸው ጌታ ነው። እርቁም በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ አባትየው ልጁን “ና፣ ብላ” ብለው ወደ ገበታ ጠሩት። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ግን ለረጅም ጊዜ ከእናቱ ጋር ቆየ፤ ይቅር ማለትና ማመን በአንድ ጀምበር እኩል አይደርሱምና። የተሸጠው ወርቅ አልተመለሰም። ቁጣውም አንዳንዴ ያገረሻል። ነገር ግን ባልና ሚስቱ ዛሬ በአንድ ቤት ናቸው፤ ልጁም አለ።

በቤታችን እንሞክረው

ሁላችንም በየቤታችን ሠዓሊዎች ነን። የትዳር ጓደኛችን አሥር መልክ ቢኖረው አንዱን መርጠን ብርሃን እናበራበታለን። አንድ ባል ደመወዙን ሳይሸሽግ ያመጣል፣ ልጆቹን ያስጠናል፣ ግን ያመሻል። በሚስቱ ንግግር ውስጥ ማምሸቱ ብቻ ከደመቀ የቀረው በጥላ ውስጥ ይቀራል። ልጆችም አባታቸውን በዚያ ብርሃን ብቻ ያውቁታል። ጥፋትን ሸፍኑ እያልኩ አይደለም። ጥፋቱ በሚታይበት ብርሃን ውስጥ የሚያነሡ እጆችም ይታዩ ነው የምለው።

ሚዛንም ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሲሆን የሚመጣ አይደለም። አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ዝምተኛ ሆኖም ቤት ይቆማል። ባዶ ቦታም ያስፈልጋል፤ ሁሉን ሰዓት በሥራና በአገልግሎት የሞላ ትዳር፣ ነጩ የጠፋበት ነጠላ ይመስላል።

በዚህ ሳምንት ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር አንድ ነገር ምረጡ፤ መሶብ ሊሆን ይችላል፣ ነጠላ፣ የቆየ የሠርግ ፎቶግራፍ። ለአምስት ደቂቃ ሳትነጋገሩ ተመልከቱት። ከዚያም ዓይኔ መጀመሪያ የት ሄደ? ብርሃኑ የት ላይ ነው? በጥላ ውስጥ የቀረው ማነው? ተባባሉ። የሁለታችሁ መልስ የተለያየ እንደሚሆን ታያላችሁ። “አንቺ ያየሽውን እኔ አላየሁትም ነበር” ማለት ለብዙ ጠብ መድኃኒት ነው።

ወላጆችም ደብተሩን በሥዕል የሚሞላውን ልጅ ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ “ይሄ ምንድን ነው? ለምን እዚህ ጋ አደረግኸው?” በሉት። ሁሉም ሠዓሊ ይሆናል ማለት አይደለም። ከሆነም የሚማርበት ቦታ አለ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ባስልኤልን በስሙ የጠራ አምላክ የእኛንም ልጆች በስማቸው ያውቃል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የልባቸው ዓይኖች እንዲበሩ ጸልዮ ነበር (ኤፌ. 1፥18)። ለእናንተም ጸሎቴ ይኸው ነው። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ እርስ በርስ የምትተያዩበትን ብርሃን ያብዛላችሁ። አሜን።