የወረቀቷ ቀይ አበባ

በየዓመቱ ጥቅምት ከተጋመሰ ጀምሮ በለንደን ብዙ ሰው ደረቱ ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ይሰካል። ልጄ ባለፈው ዓመት አንዷን ከትምህርት ቤት ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ባደርጋት ሐራም ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ተያት!» አልኳት ቸኩዬ። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ዒራቅ የዘመተው የዚሁ አገር ጦር ትዝ ብሎኝ ነበር። አበባዋን መሰካት ያን ዘመቻ መመረቅ መሰለኝ። እሷ ግን «ከሞቱት ውስጥ ሙስሊሞችም አሉ እኮ!» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሳያውቁ መፍረድ ከሙስሊም አይጠበቅምና ነገሩን ማጣራት ያዝኩ።

አበባዋ ፖፒ ትባላለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ባረሰው የቤልጂግና የፈረንሳይ መሬት ላይ በብዛት የበቀለች የዱር አበባ ናት። ጦርነቱ ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቆመ። ብሪታንያ ውስጥ አበባዋን ለመታሰቢያ ማድረግ የተጀመረው በ1921 ሲሆን፣ ገንዘቡ ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው መርጃ ይውላል። በ1933 ደግሞ ጦርነትን የሚቃወሙ ሴቶች ነጭ ፖፒ አወጡ።

በዚያ ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የህንድ ወታደሮች ተሰልፈዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የፑንጃቡ ኹዳዳድ ኻን በ1914 ቤልጂግ ውስጥ የመትረየስ ጓዶቹ ሲያልቁ ቆስሎ ተዋግቷል። ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው የህንድ ወታደርም እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ወደ ዎኪንግ ሄድን። በ1889 ከተሠራው መስጊድ ሳይርቅ፣ በ1917 ለሙስሊም ወታደሮች የተሠራ የቀብር ቦታ አለ። አስከሬኖቹ በ1968 ወደ ብሩክዉድ ተዛውረዋል፤ ዛሬ በቦታው ለ27 ወታደሮች መታሰቢያ 27 ዛፎች ቆመዋል። ካገራቸው ርቀው፣ ባልጀመሩት ጦርነት ያለቁ የእናት ልጆች!

እዚያ ቆሜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ መነሳታቸውን፣ ሲጠየቁም ያ ሰው ነፍስ እንደነበረ መመለሳቸውን አሰብኩ። ለነፍስ መቆም ጦርነትን መውደድ አይደለም።

ልጄ እጄን ይዛ «ያን ሁለት ደቂቃ ዝም ስንል በልቤ ምን ልበል?» አለች።

«ለሙስሊሞቹ ዱዓ አድርጊ። በሕይወት ላሉት ደግሞ አላህ ሰላም እንዲሰጣቸው ለምኚ» አልኳት።

ሑክሙን ለዑለማዎች እተዋለሁ። እኔ ዛሬም አበባዋን አልሰካም፤ ልጄ ስትሰካት ግን «ተያት» አልላትም። ወላሁ አዕለም።