የልጅ መኪና፣ የአዋቂ ባትሪ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም። "ወንድሜ ከውጭ ለልጄ የሪሞት መኪና ሊልክ ነው፤ ባትሪው የቱ ይሁን?" የሚል ነው። የእረፍት ቀኔን ከነዚህ መኪኖች ጋር እንደማሳልፍ ስለምታውቁ መሰለኝ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። "ይሄ ደግሞ ቁም ነገር ሆኖ ነው?" የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ፤ ቤት ሊያቃጥል የሚችል ነገር ነው።

የማወራው ስለ ፕላስቲኳ መጫወቻ አይደለም። ሞተሯ ጠንካራ፣ ሜዳ ላይ ስትለቋት ልጆቹን ሁሉ ጥላ ስለምትሄደው ነው። እሷ የምትጠቀመው ባትሪ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይባላል። እያንዳንዱ ሴል 1.2 ቮልት ነው፤ ስድስቱ ተደርድረው 7.2 ይሆናሉ። ከበድ ይላል፣ ጉልበቱም ቶሎ ይደክማል፤ ግን ታጋሽ ነው፣ የልጅ ጥፋት ይችላል።

ሁለተኛው ሊፖ ነው፤ ሊቲየም ፖሊመር። ቀላልና ጉልበተኛ ነው። አንዱ ሴል በስም 3.7 ቮልት ሲሆን ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ከተሞላ ያብጣል፣ ብሎም ይቀጣጠላል። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ መኪናዋ ላይ ያለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ "ሊፖ" በሚለው ላይ መስተካከል አለበት፤ ያኔ ባትሪው ሳይሞት ራሱ ኃይል ይቆርጣል። ይህን ሳያዩ አዲስ ባትሪ በአንድ ከሰዓት የሚገድሉ ብዙ ናቸው።

ሁለት ሴል ወይስ ሦስት? ለጀማሪ ልጅ ሁለት፣ ያውም ጠንካራ ልባስ ያለው። 3000 ኬቪ የተባለ ሞተር በ7.4 ቮልት በደቂቃ ወደ 22 ሺህ ዙር፣ በ11.1 ደግሞ ወደ 33 ሺህ ዙር ይሽከረከራል። መቆጣጠሪያው ሦስት ሴል እችላለሁ ቢል እንኳ ጥርሱና ጎማው መጀመሪያ ያልቃል፤ የጎረቤት ልጅ ቁርጭምጭሚትም አለ። ባትሪው ላይ በትልቁ የሚጻፈውን "50ሲ፣ 100ሲ" ብዙ አትመኑት። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 50ሲ ነው ማለት 250 አምፔር ያለማቋረጥ ይሰጣል ማለት ነው። በዚያች ቀጭን ሽቦ? እኔ አላምንም።

አሁን ወደ ሶኬቱ፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። በርካሽ መኪኖች ላይ የሚመጣው ነጩ የታሚያ ሶኬት ለደካማ ሞተር ተሠርቶ ነው፤ ጉልበት ሲበዛበት ይሞቃል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። እንበልና መገናኛው ላይ 5 ሚሊ ኦም ተቃውሞ አለ፤ 60 አምፔር ሲያልፍበት 18 ዋት ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። የእኔ ምርጫ ቢጫው ኤክስቲ 60 ነው፤ በግድ ካልገፋችሁት በስተቀር ተገልብጦ አይገባም። ዲንስም፣ ኢሲ 3ም መጥፎ አይደሉም። ዋናው አንዱን መርጦ ቤት ያለውን ሁሉ ወደዚያ መቀየር ነው። በአስማሚ ላይ አስማሚ መቀጠል ግን ሁለት የሚሞቁ ቦታዎች መፍጠር ነው።

ስታስበይዱ አንድ ነገር ለባለሙያው ንገሩት፦ የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች በአንድ ጊዜ በመቁረጫ እንዳይቆርጥ። መቁረጫው ብረት ስለሆነ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ ብልጭታውም ቀላል አይደለም። አንዱን ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሸፍኖ፣ ከዚያ ሌላውን። ባትሪው በኩል የሚሆነው ብረቱ ወደ ውስጥ የተደበቀው ሶኬት ነው።

ለሚልከው ሰው ደግሞ፦ መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በካርጎ ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ሻንጣ ነው። ልኩ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 7.4 ቮልት ባለ 5000 ባትሪ 37 ብቻ ስለሆነ ችግር የለም። ጫፉ በፕላስተር ይታሸግ። ቻርጀሩ ሴሎቹን እኩል የሚያመጣጥን፣ ትንሿን ነጭ ሶኬትም የሚቀበል ይሁን። ባለ 5000ው በ5 አምፔር ይሞላ። ወለል ላይ፣ ከሶፋና ከመጋረጃ ርቆ፣ ሰው ባለበት። ሌሊት መብራት ሲመጣ ይሞላል ብሎ ሰክቶ መተኛት የለም፤ በአንድ ክፍል ከልጆች ጋር ለሚያድር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይኸው የሶኬት ጣጣ አሁን መንገዳችን ላይ ወጥቷል። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢ/ቲ፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ይዞ ነው የሚመጣው። የመኪናው ዋጋና ቀለም ይጠየቃል፤ "ሶኬቱ የትኛው ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን ጥቂት ነው። በመኪናም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ይመስለኛል፤ መንግሥትም አንዱን ለይቶ ቶሎ ቢያሳውቅ ለሁላችንም ይረክሳል።

የቀረው ያበጠ ባትሪ ነው። አትውጉት፣ "አየሩን ላስወጣ" የሚል ጎረቤት ካለም አስቁሙት። ውጭ አውጥታችሁ ከመኪና የፊት መብራት አምፖል ጋር አገናኙት፤ እስኪጠፋ ድረስ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ለቆራሌው ብቻ እንዳትሰጡት። ውስጡ መዳብ አለ ብሎ በመዶሻ ይመታዋል።