ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል

ክብደት ለመቀነስ የተነሣች ሴት ሁለት ፈተና ይጠብቃታል። የመጀመሪያው መጀመሩ ነው፤ ስለዚህኛው ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተመክሯል። ሁለተኛው ግን እምብዛም አይወራለትም። ይኸውም ለጥቂት ወራት ሲወርድ የቆየው ክብደት ድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚመጣው ፈተና ነው። ምግቡ ያው፣ እንቅስቃሴው ያው፣ ትጋቱም ያው ሆኖ ሳለ ሚዛኑ አልነቃነቅ ይላል። ብዙዎቻችን ጥረታችንን እርግፍ አድርገን የምንተወውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ከእናቶችና ከሠራተኛ እህቶቼ ጋር የምወያየው ስለዚሁ ጉዳይ ይሆናል።

በእኔ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ። ሁለተኛ ልጄን ጡት ባስጣልኩበት ጊዜ ክብደቴ 84 ኪሎ ነበር። በእርግዝናዬ ወራት የታየብኝ የደም ግፊት ከወለድኩም በኋላ አልወረደም ነበርና፣ የሚከታተሉኝ ሐኪም 146 በ94 መሆኑን ካዩ በኋላ፣ «ክብደትሽ ከቀነሰ ግፊቱም አብሮ ሊወርድ ይችላል፤ ካልወረደ ግን መድኃኒት እንጀምራለን» አሉኝ። ነገሩ ለእኔ የመልክና የቀሚስ ጉዳይ አልነበረም። እናቴ ግፊት እንዳለባት ሳታውቅ ኖራ በ58 ዓመቷ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ወደቀች። ከዚያ ወዲያ በኖረችባቸው አራት ዓመታት ያጎረስኳት እኔ ነኝ። የእኔ ልጆች ደግሞ ገና የሰባትና የሁለት ዓመት ሕፃናት ናቸው።

የምንኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በደብረ ዘይት መንገድ የከባድ መኪናው ሰልፍ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ ከፈረቃ ሠራተኛው ገሚሱ ሲገባ ገሚሱ ይወጣል። ከሥራ በኋላ ስፖርት ቤት የምትሄድበት ጊዜም ገንዘብም ያላት እናት ጥቂት ናት። ስለዚህ እኔ የተጠቀምኩት ያለኝን መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የቀላል ባቡር መስመር ደቡባዊ ጫፍ ወደሆነው ወደ ቃሊቲ ጣቢያ በባጃጅ መሄዴን ትቼ፣ ጠዋትና ማታ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ደቂቃ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ማታ የምበላውንም እንጀራ ከሁለት ወደ አንድ አወረድኩ። በአምስት ወር ውስጥ 84 የነበረው 76 ሆነ። ከዚያም ቆመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ እያለ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያው 76 ላይ ቆመ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ቡና የምንጣጣ አንዲት ትልቅ ጎረቤቴ፣ «ምነው ልጄ፣ ከሳሽሳ! ታመምሽ እንዴ?» እያሉ ዳቦውን ወደ እኔ ያስጠጋሉ። አይፈረድባቸውም። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ላየ ሰው ወፈር ያለው የደላው፣ የከሳው ደግሞ የተቸገረ ነው። በመሥሪያ ቤት በኩል ደግሞ፣ «ምሳሽን ተዪው»፣ «በወር ስምንት ኪሎ የሚያወርድ ሻይ አለልሽ» የሚሉ ልጆች አይጠፉም። አንደኛው ወገን ይብቃሽ ይላል፤ ሌላው ራስሽን አስርቢ ይላል። ሁለቱም ግን ሚዛኑ ለምን እንደቆመ አይናገሩም። ምክንያቱን ሳያውቁ መፍትሔ መፈለግ ደግሞ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

እንግዲህ ምክንያቱን እንመልከት። አንደኛው በጣም ቀላል ነው። ስምንት ኪሎ ማለት ስምንት ሊትር ውሃ የተሞላ ጀሪካን ማለት ነው። 84 ኪሎ በነበርኩ ጊዜ ይህን ጀሪካን ደረጃ ስወጣም፣ ልብስ ሳጥብም፣ ስተኛም እንኳ ሳይቀር ተሸክሜው እኖር ነበር። ሸክሙ ሲቀል ሰውነት የሚያወጣው ኃይልም ይቀንሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ከሚያስፈልገኝ በታች የነበረው ያው ማዕድ፣ በስድስተኛው ወር ልክ የሚበቃኝ ሆኖ ይገኛል። ገቢና ወጪ ሲተካከሉ ሚዛኑ ይቆማል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰውነታችን ራሱን ከረሃብ የሚከላከል መሆኑ ነው። ሰውነት ወዳ ምግቧን የቀነሰችውንና ድርቅ መጥቶባት ያጣችውን ሴት ለይቶ አያውቅም። ክብደት ሲጎድል የጥጋብን ስሜት የሚያስተላልፉት ቅመሞች በደም ውስጥ ያንሳሉ፤ ረሃብ ይበረታል፤ ሰውነትም ወጪውን ቆጠብ ያደርጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 እና በ1945፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ በ36 ፈቃደኛ ወጣቶች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ወጣቶቹ ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ገደማ የተቀነሰ ምግብ ሲበሉ ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ፤ ነገር ግን የልብ ምታቸው ቀዘቀዘ፣ ብርድ ይሰማቸው ጀመር፣ ቀን ከሌት ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ክብደት ለመቀነስ ይወዳደሩ ከነበሩት መካከል 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። በ2016 በወጣው በዚህ ጥናት መሠረት፣ የሰዎቹ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይል በእነርሱ መጠን ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ዛሬ በብዙ የሚወራላቸው ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎችም ቢሆኑ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ስለዚህ የሚዛኑ መቆም የስንፍና ምልክት አይደለም፤ በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሚዛኑ ስብን ብቻ የማይመዝን መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ከሚወርደው ክብደት ብዙው ውሃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀመጠውን ስንቅ ሲጠቀም ከእያንዳንዱ ግራም ጋር ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይወጣል። በሌላ በኩል የወር አበባ ሲቃረብ ወይም ጨው የበዛበት ምግብ ሲበላ ሰውነት ውሃ ይይዛል፤ ሚዛኑም አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ የአንድና የሁለት ሳምንት መቆም ገና መቆም አይባልም። ከወር በላይ ሲዘልቅ ግን እውነትም ቆሟል ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ምግብ መዝለል አይጠቅምም። ምሳዋን ያለፈች ሠራተኛ ማታ ቤቷ ስትገባ ድስቱን ትወርሰዋለች። ያከሳሉ የሚባሉት ሻዮችም ቢሆኑ ብዙዎቹ እንደ ሰናመኪ ያለ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው ናቸው። ውሃ ያስወጣሉ፣ ሚዛኑን ለሁለት ቀን ያታልላሉ፣ ሰውነትንም ያደክማሉ፤ ስብ ግን አያቀልጡም።

እኔ ያደረግሁት አንድ ሳምንት ሙሉ በቤታችን የሚበላውንና የሚጠጣውን በደብተር መመዝገብ ነበር። የማይቆጠር ምግብ በየቤቱ አለ፤ ከድስት የሚቀመስ፣ ልጅ የተወው ትራፊ፣ ጎረቤት የሚያጎርሰው ጉርሻ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ሁለት ነገሮች ሚዛን ይደፋሉ። አንዱ ስኳር ነው። በቀን አምስት ጊዜ ቡናና ሻይ የምትጠጣ፣ ለእያንዳንዱም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትጨምር ሴት በቀን 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም 240 ካሎሪ ያህል ትጠጣለች። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ለአንድ አዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ሁለተኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ይህም ከግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ጋር ይተካከላል። በቤታችን ዘይት ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት መንቆርቆሩ ቀርቶ በማንኪያ እየተለካ ይገባ ጀመር። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት «ወጡ ደረቀ» ብሎ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ረሳው።

በዚህ ላይ ሰውነት ገንቢ ምግብ መጨመር ይገባል። ክብደት ሲቀንስ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይሄዳል፤ ጡንቻ ሲያንስ ደግሞ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ ቁርስ ላይ በዳቦና በሻይ ፈንታ ባቄላ፣ ምስር ወይም እንቁላል ቢሆን ይመረጣል፤ ጥጋቡም ይቆያል። ጡንቻን ለመጠበቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከወንበር ሳይደገፉ እየደጋገሙ መቀመጥና መነሣት፣ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ጀሪካን በሁለት እጅ ማንሣትና ማውረድ ይበቃል። እንቅልፍም የዚሁ አካል ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋል፤ ይህ በተለይ የሌሊት ፈረቃ ለምትገቡ እህቶች መታወቅ አለበት።

በሽታ ተከላካይ የሆኑ አትክልቶችን አብዙ ሲባል ግን በእኛ ሰፈር አንድ ጥንቃቄ ያሻል። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። በዚህ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል፤ ብረቱ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ በማጠብ ብቻ አይለቅም። ስለዚህ ጎመንና ሰላጣ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ካሮቱን፣ ዱባውንና ፎሶሊያውንም ከሌላ ቦታ ከመጣው እያቀያየራችሁ ተመገቡ።

ጾምንም በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን የ55 ቀኑን ዓቢይ ጾም ክብደት የምንቀንስበት ጊዜ አድርገን እናየዋለን። ይሁን እንጂ ጾም ማለት ዘይት የለበትም ማለት አይደለም። ሳምቡሳው፣ ፓስቲው፣ ቦንቦሊኖው ሁሉ የጾም ነው። በረመዳንም ማታ በማፍጠሪያው ላይ ያው ነገር ይቀርባል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ በአንድ ሳምንት ዶሮውና ቅቤው የሁለት ወሩን ይመልሰዋል። በጾሙ የለመድነውን ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ከበዓሉ ቀን በኋላም በሳምንት ጥቂት ቀን ብናቆየው የበለጠ ይጠቅመናል።

ይህ ሁሉ ምክር ለሁሉም ሴት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከልክ በላይ የከሱ፣ 8ቱ ደግሞ ከልክ በላይ የወፈሩ ነበሩ። ስለሆነም ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ ወይም ክብደቷ ጤናማ የሆነ ሴት ይህን እንዳትሞክር። የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስድም ሐኪሟን ሳታማክር ምግቧን መቀነስ የለባትም። እንዲሁም ድካም፣ የብርድ ስሜትና የሆድ ድርቀት ያለባት፣ ወይም እንቅርት የወጣባት ሴት ክብደቷ አልወርድ ካለ ችግሩ ከአንገት ዕጢ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባታል።

የእኔን ውጤት ለማወቅ የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። ከአሥራ አንዱ ሳምንት በኋላ ሚዛኑ ሌላ ዘጠኝ ሳምንት ፈጅቶ ወደ 74 ተኩል ወረደ። ትልቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን የወገቤ ዙሪያ ከ98 ሴንቲ ሜትር ወደ 89 ወርዷል፤ ግፊቴም ያለ መድኃኒት 128 በ82 ሆኗል። ሐኪሜ እንደነገሩኝ ግፊቱ መውረድ የጀመረው ሚዛኑ 76 ላይ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ነው። ከመነሻ ክብደት ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር እጅ መቀነስ ብቻውን ለደም ግፊትም ለስኳርም እንደሚበጅ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ከ84 ላይ ስምንት ኪሎ መቀነስ በዚሁ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ እኔ በየሳምንቱ እያዘንኩ የወረድኩበት ያ ሚዛን የሚናገረው የሥራውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ክብደታችሁ ሲቆም በሚዛን ብቻ አትመዘኑ። ወገባችሁን በሜትር ለኩ፤ በየሦስት ወሩ ግፊታችሁን በጤና ጣቢያ ተለኩ፤ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሻችሁን አዳምጡ። የወረደውን እንዳይመለስ አድርጎ ማቆየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሰውነት መልሰሽ አምጪ እያለ ሲታገል አልመልስም ማለት ነውና። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ከአዲሱ ክብደታችሁ ጋር ሁለት ሦስት ወር በሰላም ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ መቀነስ ካስፈለገ ከስኳሩ አንድ ማንኪያ፣ ከመንገዱም አሥር ደቂቃ እያላችሁ ቀጥሉ። የልጆቻችሁን ድግስ እስክትደግሱ ድረስ የምትፈልጉት ጉልበት የሚገኘው እንዲህ ነው።