ብዙ ፎቶ፣ ጥቂት ገጽ

 

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፎቶ አልበም ነው። ከእናቴ ጋር ጎንደር ደርሰን ስንመለስ ከአራት መቶ በላይ ፎቶ ይዘን መጣን። ፋሲል ግቢ፣ ወለቃ፣ አምቦበር፣ የመንገዱ አህያ ሳይቀር፤ ሁሉም በስልክ። አያቴ ግን ስልክ አይወዱም፤ ገና ሲነኩት ምስሉ ይጠፋባቸዋል። አብረውን እንዳይሄዱም ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ስለዚህ ለሲግድ ዘመድ ሳይሰበሰብ በእጅ የሚገለጥ አልበም ልሠራላቸው ተነሣሁ።

120 መርጬ ጊቭአት ኦልጋ ካለ ፎቶ ቤት አሳጠብኩ። አልበሙ 20 ገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር። የተለመደው ፎቶ 10 በ15 ስለሆነ አግድም ሁለት፣ ቁልቁል ሦስት፣ ስድስት ልክ ይገባል። ግን ተጠጋግቶ ዓይን ያደክማል። ከርዝመቱም ከወርዱም ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሲቆረጥ በመካከሉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይገኛል።

እንግዲህ 120ው 20ውን ገጽ ጨረሰ ማለት ነው። አያቴ ደግሞ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛ፣ "ወንዙን ትልቅ አድርግልኝ ልጄ።" ቤተ መንግሥቱን አይደለም፤ በልጅነታቸው ውኃ የቀዱበትን ወንዝ። ሁለተኛው ለአጎቴ አንድ ገጽ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1984 በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙ የአራት ዓመት ልጃቸውን መንገድ ላይ ቀብረዋል። በዚያ መንገድና በመጠለያው ካምፖች 4,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን እንዳለቁ ይነገራል። የአጎቴ ፎቶ የለም። አንድም።

ቦታ የተገኘው ከትንንሾቹ ነው። ምግቡን፣ አበባውን፣ የገበያውን ዕቃ 7 በ7 አድርጌ ቆረጥኳቸው፤ በአንድ ገጽ 16 ይገባል። 32 ፎቶ በሁለት ገጽ አለቀ። የሰው ፊት ግን እንዲህ አይቆረጥም፤ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ሲሉ መዋላቸው ነው። ወንዙን 20 በ30 አሳጥቤ በጎኑ ሁለት 10 በ15 ወደ ላይ አቆምኩ። የቀረው በ15 ገጽ ሲያልቅ ሁለት ገጽ ተረፈኝ።

በአንዱ ላይ ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ያለውን፣ በ2007 የተመረቀውን የሱዳን መንገድ ሰማዕታት መታሰቢያ ፎቶ ለጠፍኩ። ከሥሩ እናቴ የወንድሟን ስም በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፈች። አያቴ ማንበብ ባይችሉም የቱ ፊደል የእሱ መጀመሪያ እንደሆነ ጠይቀው በጣታቸው ነኩት። በሌላው ገጽ ላይ ትልቅ ፖስታ ለጥፌ፣ የተቆረጡትን ትርፍራፊዎች ሳይቀር ከተትኩበት፤ "የአገር ነገር አይጣልም" ብለው ከለከሉኛ!

ለምትሠሩ ሁሉ፦ አሲድ የሌለው ማጣበቂያ ግዙ። እነዚያ ገጻቸው ራሱ የሚያጣብቅ የድሮ አልበሞች ፎቶውን ቢጫ ያደርጉታል። በሉ ቸር ይግጠመን።