ከየካ አባዶ ጅረት ስለ ተያዘ አንድ ትንሽ ዓሣ

ከየካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በስተ ኋላ ቁልቁል ለወረደ ሰው አንድ ትንሽ ጅረት ያጋጥመዋል። በክረምት ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ በበጋ ግን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀና ሲሉ የሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለት የውሃ ድንበር መሆኑን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በተራራው ጀርባ የዘነበው ዝናብ ወደ ዓባይ ወርዶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል፤ በፊቱ የዘነበው ግን ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የእኛም ጅረት በትልቁ አቃቂ በኩል የአዋሽ ወገን ነው። እንግዲህ ከተራራው ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ዓሦች ጎረቤት መስለው ቢታዩም ውሃቸው ከቶ አይገናኝም።

ይህን ማንሣታችን በቤታችን መደርደሪያ ላይ ስላሉት ኹለት ጠርሙሶች ነው።

ልጃችን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ከዚሁ ጅረት ጣት የምታህል ጠቆር ያለች ዓሣ በነጠላ ጫፍ ያዘና አመጣ። እንዳትበሰብስ ብለን አረቄ በሞላ ጠርሙስ አኖርናት። በዚያው ዓመት ወደ ዝዋይ ስንሄድ በመቂ ወንዝ ሌላ ያዘ፤ እርሷንም እንደዚሁ አደረግን። በየጠርሙሱም የቦታውን ስም በጥሩ የቁም ጽሕፈት በቀለም ጽፈን ጨመርን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብናይ አረቄው ቀለሙን አጥቦት ኹለቱም ወረቀት ነጭ ሆኗል። ዓሦቹም መልካቸው አንድ ነው፤ ኹለቱም ጢም አላቸው፤ ከከንፈራቸውም በታች ጎርፍ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ላይ የሚጣበቁበት እንደ ትንሽ ሳህን ያለ ነገር አለ።

የዓሣ ዕውቀት ላለው አንድ ወዳጃችን ብናሳየው፣ «እነዚህ ጋራ ከሚባለው ወገን ናቸው» አለን። (ስሙ በሕንድ አገር ዓሦች በ1822 የወጣ ነው እንጂ ከእኛ ጋራና ሸንተረር የመጣ አይደለም፤ የምንጠቅሰውም ዓመት ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ቀጥሎም፣ «የትኛዋ ከየት ናት?» ሲል ጠየቀን። እኛም ዝም አልን። «እንግዲያስ ለልጆች ማሳያ ይሆናሉ እንጂ ለመዝገብ አይሆኑም» አለ። ቀንና ቦታ የሌለበትን ማመልከቻ ኹሉ ለባለ ጉዳይ ስንመልስ ለኖርን ጸሐፊዎች ይህ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አንባቢ ይገምተው።

በቤተ መዘክር ሥራው እንዲህ አይደለም። ዓሣው በመጀመሪያ ፎርማሊን በሚባለው መድኃኒት ይደርቃል፤ ከዚያ በአልኮል ይቀመጣል። ወረቀቱ የሚጻፈው በእርሳስ ወይም አልኮል በማያጥበው ጥቁር ቀለም ነው፤ የሚገባውም ከዓሣው ጋር በዚያው ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ በውጭ የተለጠፈ ይረግፋልና። በመዝገብም ላይ ቁጥሩ፣ ወንዙ፣ ቀኑና የያዘው ሰው ስም ይሰፍራል። በሎንዶን ቤተ መዘክር ቁጥሩ ራሱ ዓሣው በገባበት ዓመት፣ ወርና ቀን ይጀምራል።

ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎንደር መጥቶ የጣና ዓሦችን ሰብስቦ ወደ አገሩ ወሰደ። ካወጣላቸውም ስሞች አንዱ ደምቢያን ያስታውሳል፤ በሶና ጎርጓሪ የሚሉትም ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደሉም። ከዓሦቹም በፍራንክፈርት በዜንከንበርግ ቤተ መዘክር እስከ ዛሬ የቆዩ አሉ። የወሰዳቸው ባዕድ መሆኑ ቅር ቢያሰኝም፣ ሳይጽፍ ባለመውሰዱ እናመሰግነዋለን። ከእርሱም በኋላ ዴገን የተባለው ሰው የሰበሰባቸውን ቡላንዤ በሎንዶን መርምሮ በ1902 አሳተመ። ይኸው ቡላንዤ በ1904 በመቂ ወንዝ ስም አንድ ጋራ ሰየመ። መቂ የሚፈሰው ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንጂ ወደ አዋሽ አይደለም፤ እንግዲህ ከጠርሙሶቻችን አንዱ ይህን ስም ይዞ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ግን የሚመሰክር የለም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ ሜላኒ ስቲያስኒና የአገራችን ሊቅ አበበ ጌታሁን በ2007 ከኢትዮጵያ ውሃዎች አምስት አዲስ የጋራ ዓይነቶችን ለዓለም አስታውቀዋል። አዲስነትም የሚታወቀው ከጥንቱ ጠርሙስ ጋር ጎን ለጎን በማስተያየት ነው። በጣናም ለእንቁላል ወደ ወንዝ የሚወጡት ትላልቅ ዓሦች በ1990ዎቹ ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸው የታወቀው ቀድሞ የተመዘገበ ቁጥር ስለ ነበረ ነው።

አቃቂን እንደምናውቀው የፋብሪካውና የመንደሩ እድፍ ይወርድበታል። ልጅ በነጠላ ዓሣ ያጠምድበት የነበረው የየካ አባዶ ጅረትም ዛሬ የሳሙና አረፋ ይዞ ይወርዳል። በዚያ ጋራ ይኖር እንደ ነበረ ብንናገር ማስረጃችን ምንድን ነው? ኹለት ዲዳ ጠርሙሶች።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ወረድን። ልጃችን አሁን በቁመት በልጦናል፤ ወንፊትና ንጹሕ ጠርሙስ ይይዛል፤ እኛም ወረቀትና እርሳስ እንይዛለን። በመጀመሪያው ቀን ምንም አላገኘንም፤ በኹለተኛው የእንቁራሪት ግልገል ብቻ ወጣ። በሦስተኛው ጊዜ ከላይኛው ምንጭ አጠገብ፣ ውሃው ገና በጠራበት ስፍራ፣ አንድ ጥቁር ነገር ከድንጋይ ሥር ሲወረወር ኹለታችንም አየን። እኛም ቸኩለን «የካ አባዶ፣ ከላይኛው ምንጭ» ብለን ቀኑን ልንጨምር ስንል ልጃችን እጃችንን ያዘ።

«አባባ፣ ቀኑን ይተዉት፤ ስንይዘው ይጽፉታል» አለ።