የጎመን ምንቸት

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ ያደግን ነን። ክረምቱን ያሻገረንን ጎመን በወጉ እንኳ ሳናመሰግነው እናባርረዋለን። ዩኒቨርሲቲ ስንገባም ንቀታችን አብሮን ገባ። ካፌ ጎመን የቀረበ ዕለት ሰልፉ ያጥራል፤ ላውንጁ ይሞላል። ሥጋ ያልበላ ተማሪ ፈተና የሚያልፍ አይመስለንም መቼም!

ዓይናችን የተገለጠው በፈተና ሰሞን ነው። የዶርማችን ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ራሷን አዞራትና ወደቀች። ደግፈን ክሊኒክ ወሰድናት፤ «ደም ማነስ ነው» ተባለ። ሲስተሯ ክኒኑን ቆጥራ ከሰጠቻት በኋላ «ሻይ የምትጠጡት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችን። መቼ ይሆናል! ሽሮው ከጉሮሯችን ሳይወርድ ነዋ።

ለካስ ጤፉም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም ብረት አላቸው። ችግሩ፣ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ጭራሽ ያግዱታል። የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው፦ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ከሁሉ የገረመን ደግሞ ቃሪያ። ጥሬ ቃሪያ፣ እኩል ቢመዘን፣ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳል። እኛ ትሪው ጫፍ ላይ ትተነው የምንነሳው ያ ቃሪያ! ይኸው ቫይታሚን ብዙ ሲበስል ይጠፋል፣ ውሃ ውስጥም ይሟሟል፤ ጎመን ቀቅሎ፣ ጨምቆ ውሃውን መድፋት እሱን አብሮ መድፋት ነው። (ይህንን ለእናቶቻችን በስልክ ልናስተምር ሞክረን ያገኘነውን መልስ እዚህ አንጽፈውም።)

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልገዋል ይላል። ይህን ይዘን ጉሊት ወረድን። ጉሊት በመደብ እንጂ በግራም የሚሸጥ የለም። የሙዙን ዋጋ ጠይቀን ዝም አልን። የኪስ ገንዘባችን ለፎቶኮፒ እንኳ አይበቃም፤ «ፍራፍሬ አዘውትሩ» የሚሉን ሰዎች አንድ ቀን አብረውን ቢወርዱ ደስ ባለን። ለሦስት አዋጥተን አንድ መደብ ቲማቲም፣ ሎሚና ቃሪያ ገዛን።

«ለወጥ ነው ልጆቼ?» አሉን ሻጯ እማማ።

«ለደም ነው እማማ።»

ሳቁና ሁለት ቃሪያ መረቁልን።

አሁን ሻይ የምንጠጣው ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይተን ነው፤ ያቺ ሰዓት ትረዝማለች። ልጅቷ ክኒኗን ገና አልጨረሰችም። ደረጃውን ስትወጣ አንዳችን ከኋላዋ እንከተላለን።