ፒራናን ያላየን መምህራን

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በእኛ ላይ ይደርሳል ብለን ግን አስበን አናውቅም ነበር። ዛሬ የምናወጋችሁ፣ ሦስት ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በወጣን ጊዜ የደረሰብንን ነው።

የዕለቱ የሳይንስ ርዕስ ዓሦች ነበር። ስለ ክንፉ፣ ስለ ቅርፊቱና ስለ ስንጥቡ ተናግረን ስንጨርስ ክፍሉ ማዛጋት ጀመረ። እንዲያው ልጆቹን ነቃ እናድርግ ብለን ስለ ፒራና አነሣን። «በደቡብ አሜሪካ አንድ ዓሣ አለ፤ መንጋው አንድን በሬ በደቂቃ ውስጥ ጨርሶ አጥንቱን ብቻ ያስቀራል» አልን። ጥርሱንም በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደ መጋዝ አድርገን ሣልነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ጥሩ አስተማርን ብለን ደስ አለን። አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እርስዎ አይተውታል?» አለች። «በፊልም አይተናል» ብለን አለፍነው።

በሦስተኛው ቀን የልጅቷ እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «ልጆቼ፣ ምን ብላችሁ ነው ይችን ልጅ ያስፈራራችኋት? ውኃ ቅጂ ስላት ዓሣው ይበላኛል ብላ እግሯን ወንዝ ውስጥ አላስገባም አለች። ታናሽ ወንድሟንም ከብት እንዳያጠጣ ትከለክለዋለች» አሉን። «እናታችን፣ ያ ዓሣ እኮ እዚህ አገር የለም» ብንላቸው፣ «ታዲያ እሱን ለኔ ሳይሆን ለሷ ንገሯት!» ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነው። እኛም አፈርን።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ስለ ፒራና ማንበብ ያዝን። አስተምረን ከጨረስን በኋላ ማንበባችን ያስቃል፤ ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

ፒራና የተፈጥሮ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። የሚኖረውም በአማዞን፣ በኦሪኖኮ፣ በፓራጓይና በፓራና ወንዞችና በአካባቢያቸው ባሉ ውኃዎች ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ሆደ ቀዩ ፒራና ርዝመቱ ቢበዛ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥርሶቹ ሦስት ማዕዘን ያላቸውና የላይኛው ከታችኛው እንደ መቀስ የሚገጥም ስለሆኑ ሥጋ ይቆርጣሉ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ምግቡ ትንንሽ ዓሦች፣ የሌሎች ዓሦች ክንፍና ቅርፊት፣ ነፍሳት፣ በድንና አንዳንዴም ዕፅዋት ነው። ፓኩ የሚባለው የቅርብ ዘመዱማ ይበልጡን ፍሬና ዘር በሊታ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ስም ከየት መጣ? የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚደንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የብራዚልን ጫካ ዞረው እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተሙት መጽሐፍ ፒራናን ከዓሣ ሁሉ የባሰ ጨካኝ አድርገው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በዓሣው ስም የተሰየመ አስፈሪ ፊልም ወጣ። ፊልሙን ያየ ላላየው ነገረ፣ የሰማው ላልሰማው አቀበለ፤ ወሬው እኛ ዘንድ ደርሶ በእኛ አፍ እዚያች ክፍል ገባ ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላ ነው። አን ማጉራንና ሄልደር ኬይሮዥ የተባሉት ሁለት የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በብራዚል ማሚራዋ በተባለው ጥብቅ ሥፍራ ሆደ ቀዩን ፒራና አጥንተው ነበር። ዓሣው በመንጋ የሚሄደው ተባብሮ ለማደን ሳይሆን ራሱን ለመጠበቅ መሆኑን አስረዱ። ለካስ ፒራናውን የሚበሉት አዞ መሰሎቹ ካይማኖች፣ የወንዝ ዶልፊኖች፣ ወፎችና ትልልቅ ዓሦች ኖረዋል! ሰው መንከሱ እርግጥ ይደርሳል። በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል በተገደቡ ወንዞች ዋናተኞች ተነክሰዋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላሉን የሚጠብቅ ዓሣ አንድ ጊዜ እግር ነክሶ ይመለሳል እንጂ ሰው አይጨርስም።

ይህን ካነበብን በኋላ ስሕተታችንን በዓይን በሚታይ ነገር ለማረም ቆረጥን። ከዚያው ከወንዙ አምስት ትንንሽ ዓሦች ይዘን በትልቅ የመስታወት ዕቃ ክፍል ውስጥ አስቀመጥናቸው። «ያን ቀን የነገርናችሁ ያላየነውን ነው፤ አጋነንነው፤ ተሳስተናል» አልን። ይህን መናገር በፈተና ከመውደቅ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ አንዱ ከመካከላችን ጣቱን ውኃው ውስጥ ነከረ። ዓሦቹ ሸሹ። ልጆቹም ተራ በተራ ጣታቸውን ነከሩ። ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ መጥታ የትንሽ ጣቷን ጫፍ ብቻ አስነካች።

ዓሦቹ ግን በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ልጆቹ በፍቅር የዳቦ ፍርፋሪ ሲያዘንሙባቸው ውኃው ደፈረሰ። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህን መርዝ ቀስ በቀስ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። እኛ ማጣሪያም፣ አየር የሚነፋ ነገርም አልነበረንም። በውጭ አገር ፒራናን በቤት የሚያሳድጉ ሰዎች ለጥቂት ዓሦች በብዙ መቶ ሊትር የሚቆጠር ውኃ፣ ጠንካራ ማጣሪያ፣ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀትና በየሳምንቱ ከፊሉን ውኃ መለወጥ ያስፈልጋቸዋል። የእንጅባራን የሌሊት ብርድ ያወቀ ሰው ይህ እዚህ እንደማይሞከር ይረዳዋል። ደግሞም አሳዳጊዎቹ እንደሚሉት ፒራና በመስታወት ውስጥ ድንጉጥ ነው፤ ሰው ድንገት ሲቀርበው ጥግ ይዞ ይደበቃል። ያም ሆኖ አሳድጎ የሰለቸው ሰው ወንዝ ውስጥ ሊጥለው ስለሚችል፣ በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ማሳደጉ በሕግ ተከልክሏል።

እኛስ ዘንድ? ዓሣ የሚበሉ ዓሦች አሉን። ጣና ሐይቅ ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ከነዚህም 8ቱ ዓሣ በሊታ ናቸው። የሚያስገርመው መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም፤ የሚያደቁት በጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከገባሮቹም አንዱ የኛው ግልገል ዓባይ ነው። እዚያ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ሽቅብ ባለው ውኃ ደግሞ ብርብራ ወቅጦ በመበተን አደንዝዞ የሚለቅም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አጥኚዎች ጽፈዋል። እንግዲህ በመንጋ መጥቶ ምንም ሳያስቀር የሚሄደው ማን እንደሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ልጅን ከውኃ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው። ዘንገና ሐይቅ ዙሪያው ገደላማ፣ ውኃውም ጥልቅ ነው፤ ወንዞቻችን በክረምት ድንገት ይሞላሉ። ዋና ለማይችል ልጅ ይህ እውነተኛ ምክንያት ይበቃዋል፤ አውሬ መጨመር አያስፈልግም። ልጁ አንድ ቀን አውሬው እንደሌለ ሲደርስበት ስለ ጥልቀቱ የነገርነውንም አያምነንም።

የልምምዱ ጊዜ አልቆ ስንሰነባበት ያቺን ልጅ ወንዝ ዳር አየናት። ውኃ ትቀዳለች፤ ግን እግሯን ሳታስገባ፣ ከድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ውኃውን ውኃውን እያየች ነው። እኛ ያንን ለመናገር አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ነገ ወደየትምህርት ቤቱ የምንሠማራ ሁሉ ልጆች «አይተውታል?» ብለው ሲጠይቁን ያላየነውን አላየንም ለማለት እንድፈር እንላለን።